ጋሽ ፈለቀ የበሱት ፕሮግራም

እኔ በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ሞቻለሁ። ሁለቱ ማንም የሚሞታቸው ተራ ሞቶች ስለሆኑ፣ አንዱ የወባ ሌላው የፍቅር፣ እነሱን እያወራሁ ማንንም አላደክምም። ሦስተኛውን ግን የሞትኩት ቆቦ ላይ በጠራራ ፀሐይ ነው። የገደሉኝም አንድ የተከበሩ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፣ በወረቀት መብሻ። ይህን ሳልናገር አራተኛውን መሞት ስለማልፈልግ እስኪ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ አካባቢ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ፀጉሬ ሙሉ፣ ኪሴ ባዶ፣ አፌ ከሁለቱም የሚበልጥ። ከትልቁ ድርቅ በኋላ ለገበሬው ዘር የሚያከፋፍል አንድ የእርዳታ ድርጅት ቆቦ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው። ይኸው ድርጅት አዲስ አበባ ወስዶ ሦስት ወር ኮምፒዩተር አስተማረኝና አንድ ማሽን አሸክሞ መለሰኝ። በዚያን ጊዜ ከደሴ እስከ መቀሌ ኮምፒዩተር የሚነካ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢያንስ እንደዚያ እያልኩ አወራ ነበር፣ የሚከራከረኝም አልነበረም።

የቆቦን ሙቀት ለማታውቁ፣ በሚያዝያ ዝንብ እንኳ ከአንድ ጥላ ወደ ሌላ ጥላ ስትበር መሃል ላይ አረፍ ብላ ላቧን ትጠርጋለች። ለማሽኑ ሲባል ክፍሌ ውስጥ ማራገቢያ ተተከለ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ መኮንን እንኳ ያልነበራቸው ማራገቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ በግቢው ውስጥ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ እኔ ክፍል ሆነ። እኔም አላበዛሁትም፤ በሩ ላይ ቆሜ "አቧራ ይገባበታል፣ ጫማችሁን አውልቁ" ከማለት በቀር ሌላ ክፉ ነገር አላደረግሁም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጃፍ የሚያወልቅ ሰው ሁሉ ለኔም ያወልቅ ጀመር።

ማሽኑ ውስጥ የነበረው ሁለት ሺህ የሚጠጋ አባወራ ነው። የእያንዳንዱን ስም፣ የገበሬ ማኅበሩን፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የማሳውን ስፋት በሁለት ጣት እየለቀምኩ ስምንት ወር ሙሉ አስገባሁት። ዘር ሲታደል መዝገቡ በፕሪንተር ታትሞ ይወጣል፣ ገበሬው ስሙ ትይዩ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፣ ድርሻውን ይወስዳል። ስሙ ካልወጣ አይወስድም። ቀደም ባለው ዓመት ያለ ዝርዝር ታድሎ ዱላ ተማዘው ስለነበር አቶ መኮንን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ገበሬው መጀመሪያ የሞላባቸውን ቅጾች በተመለከተ ደግሞ፣ ማሽን እያለ ወረቀት ምን ይሠራል ብዬ በራሴ ሐሳብ አቅራቢነት በሦስት ማዳበሪያ ታጭቀው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተሸኝተዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሰኔ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ፣ መዝገቡን የምንይዝበት ፕሮግራም አዲስ እንደወጣ አወራልኝ። አዲስ። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወልድያ ላይ የኔን ሥራ የሚሠራ ተሾመ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ፤ እሱ ቀድሞኝ ቢያገኝስ? በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ጽፌም ነዘነዝኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት አዲሶቹ ዲስኬቶች መጡ። ዲስኬት ያን ጊዜ እንደ ፖስታ ያለ፣ ጥቁር፣ ስስና አራት ማዕዘን ነገር ነበር፤ ውስጡ ሌላ ስስ ክብ ነገር አለው፤ ጽሑፉ ያለው እሱ ላይ ነው።

አዲሶቹን ለመረከብ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ጋሽ ፈለቀ ይባላሉ። የመጋዘን ሥራ በንጉሡ ጊዜ የጀመሩ፣ ሦስት መንግሥት ቢለዋወጥ የመጋዘን ቁልፋቸው ሳይለዋወጥ የሚኖር ዓይነት ሰው ናቸው። የሳቸው ሕግ አጭር ናት፤ አሮጌውን መልስ፣ አዲሱን ውሰድ። የመጥረጊያም ሕግ ይኸው ነው፣ የእስክሪብቶም። እኔም ሦስቱን አሮጌ ዲስኬቶች እንደ ተበላ ጎማ አስረክቤ፣ ፈርሜ፣ አዲሶቹን እያፏጨሁ ወሰድኩ። የማሽኑ ሆድ በዚያን ጊዜ ጠባብ ነበር፣ ሁለት ፕሮግራም አይችልም፤ አሮጌውን ጠርጌ አጠፋሁና አዲሱን ጫንኩ። ተነሣ፤ ገጹ ያምራል። ለራሴ አጨበጨብኩ። መዝገቡን በዚህ በአዲሱ ከፍቼ አየሁት? አላየሁትም። አዲስ ልብስ የገዛ ሰው መጀመሪያ መስተዋት ፊት ነው የሚቆመው፣ እርሻ አይሄድም።

ለተሾመም በዚያው ቀን በመኪና ደብዳቤ ላክሁለት፣ ሙሉው ስድብ ነበር።

ሐምሌ ገባ። ሰማዩ ሲያሾፍብን ከርሞ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ ያለውን የዞብልን ተራራ ደመና ዋጠው፣ በምዕራብ ካለው ተራራ ደግሞ ጎርፉ እያጓራ ወረደ። የራያ ገበሬ ጎርፍ ሲመጣ አይሸሽም፤ ቦይ ቀዶ ወደ ማሳው ይጠራዋል። ሰኞ ጠዋት ዘር የጫኑ ሁለት ትላልቅ መኪኖች ግቢያችን ገቡ፤ ጤፍና ቶሎ የሚደርስ ማሽላ። ከነሱ ኋላ ሕዝቡ ገባ። እኔ ስቆጥረው አንድ መቶ ሺህ ይሆናል፤ አቶ መኮንን ሲቆጥሩት አራት መቶ።

ከሁሉም ቀድሞ ደጃፌ የቆመው አያ ሰይድ ነው። ዕድሜው አርባ አምስት ገደማ፣ ቀጭን፣ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሚሰቅልበት ሰው። ከዞብል ሥር ያለው የመጨረሻው የገበሬ ማኅበር አባል ነበር። ያለፈውን ክረምት ዘሩን ከነቤተሰቡ በልቶታል፤ ይህን ሲናገር እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ አየር ጠባይ ነበር። አሁን ማሳው ሦስቴ ታርሷል፣ ትናንት ጎርፍ ጠጥቷል፣ የቀረው ዘር ነው። ስንት ቀን ይቆይልሃል አልኩት፣ እርጥበቱ።

"እርጥበት እንግዳ ነው" አለኝ። "ሦስት ቀን ያድራል። በአራተኛው ጫማውን ይፈልጋል።"

አይዞህ አልኩት። ጫማውን ብቻ አስወልቄ ሌሎችም እንዲያዩ በሩን ክፍት ትቼ፣ እንደ ዳኛ ተቀመጥኩ። አዲሱን ፕሮግራም አስነሣሁ። መዝገቡን ክፈት አልኩት።

ጢጥ አለ።

ይህን ፋይል አላውቀውም ይላል ጽሑፉ። የጻፍኩት ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። ጢጥ። ሦስተኛ ጊዜ በቀስታ፣ በአክብሮት ጻፍኩለት። ጢጥ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁ፣ ማራገቢያውን ወደሱ አዞርኩ፣ ጄኔሬተሩን የሚያየውን ሰው ሄጄ ተቆጣሁት። እስከ ምሳ ሰዓት ጢጥ ሲለኝ ዋለ። ነገሩ የገባኝ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ከደረሰ በኋላ ነው። መዝገቡ የተሠራው በአሮጌው ፕሮግራም አሠራር ነው፤ አዲሱ ደግሞ የራሱን አሠራር እንጂ የአባቱን ማንበብ አይችልም። ስሞቹ አልጠፉም፣ እዚያው ሆዱ ውስጥ አሉ። ሁለት ሺህ አባወራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ቁልፉን እኔ በፊርማዬ ለጋሽ ፈለቀ አስረክቤዋለሁ።

አያ ሰይድ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ ይቺ የምትጮኸው ስሜን ስትጠራ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት።

ወደ መጋዘን በሩጫ ሄድኩ።

"ጋሽ ፈለቀ፣ እነዚያን ሦስት ዲስኬቶች ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ።"

"የተወገደ ንብረት አይወጣም" አሉኝ መነጽራቸውን ሳያነሡ።

"አልተወገደም እኮ፣ እዚሁ ነው ያለው።"

"በአካል አለ። በመዝገብ የለም።"

ይህን ያህል ስለለመንኩ፣ በእናታቸውም በልደታም ስለለመንኩ፣ ተነሥተው አንድ ወፍራም ክላሰር አወረዱ። ገለጡት። ሦስቱ ዲስኬቶች በሁለት የንብረት መረከቢያ ወረቀቶች መካከል፣ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ በጎናቸው በኩል ሁለት ሁለት ቀዳዳ ተበስተው፣ ክላሰሩ ሽቦ ላይ ተሰክተዋል።

እዚህ ላይ ነው የሞትኩት።

በስልጠናው ሦስት ወር ሙሉ የተነገረን አንድ ነገር ነው፤ ዲስኬት አይነካም። የጣት አሻራ ይገድለዋል፣ አቧራ ይገድለዋል፣ ማስነጠስ ሳይቀር ይገድለዋል። ጋሽ ፈለቀ ደግሞ በብረት በስተውታል። በሱት ወይ አልኳቸው።

"ሳልበሳው በምን ልስቀለው? ደግሞ ሲመጣም መሃሉ ተበስቶ ነው የመጣው። እኔ የጨመርኩት ሁለት ነው።"

ያኔ ምላሴ ከኔ ቀድማ ሄደች። እርስዎ ልጅ ቢወልዱ እሱንም በስተው ክላሰር ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት አልኳቸው። ጋሽ ፈለቀ ልጅ እንደሌላቸው ረስቼ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልረሳሁም፤ ይልቁንስ አስታውሼ ነው። እሳቸውም ክላሰሩን ዘጉት፣ ቦታው መለሱት፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

የቀረኝ ተስፋ ተሾመ ነው። ስልኩ በዝናቡ ተቆርጧል፣ ስለዚህ ማክሰኞ በጠዋት ወደ ወልድያ ከሚሄድ ከባድ መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ። ሮቢትን አለፍን፣ ጎብዬን አለፍን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጠጣው መሬት ጥቁር ሆኖ ይተነፍሳል፤ በሬ የጠመደ ሰው ግን የለም። ዘር ያለው ዘርቷል፣ የሌለው ሁሉ እኔ ግቢ ነው።

ተሾመ በሩ ላይ ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ልመናዬን ሲሰማ ደግሞ ፊቱ ሌላ ሆነ። መሳቢያውን ከፍቶ አሮጌዎቹን ዲስኬቶች አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ልስማቸው ጎንበስ አልኩ።

"ቆይ፣ አትቸኩል" አለኝ። "አጥፍቼ አዲሱን ገልብጬባቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት።"

"ለምን?"

"አንተ አይደለህም እንዴ፣ አሮጌ ፕሮግራም የሚይዝ ሰው አሮጊት ያግባ ብለህ የጻፍክልኝ? ደብዳቤህን ቢሮው ሁሉ አንብቦታል።"

ልሳቅ ብዬ ሞከርኩ፣ ከጉሮሮዬ የወጣው ጢጥ የሚል ድምፅ ነበር። የሱም መዝገብ ሳይከፈት እንደቀረ ያወቀው እዚያው፣ እኔ ፊት ሲሞክር ነው። ሁለታችንም ማሽኑን ከበን፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተቀመጥን። የሱ ገበሬዎች ቀድመው ስለተሰጣቸው እሱ ጊዜ ነበረው፤ አዲስ አበባ ጽፎ ይጠብቃል። የኔ እንግዳ ግን ጫማውን እየፈለገ ነው።

ስመለስ ከሮቢት ወዲህ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠውና እዚያው አደርኩ። ረቡዕ ጠዋት መኪና አያልፍም ተባለ፤ በእግሬ ተነሣሁ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ቀማኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ግራውን አልመለሰልኝም። ቆቦ የደረስኩት ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በአንድ ጫማ ነው። ዓመት ሙሉ ጫማ ሳስወልቅ ኖሬ፣ መንገዱ በግማሽ ዋጋ አወራረደኝ።

ግቢው ውስጥ ሕዝቡ እንዳለ ነው፣ ግን ድምፁ ጠፍቷል። የጮኸ ሕዝብ አያስፈራም፤ ዝም ብሎ ሽመሉን በመሬት የሚቧጭር ነው የሚያስፈራው። አቶ መኮንን ጠርተው ነገሩኝ። በሬዲዮ መልእክት መጥቷል፤ ዘሩ እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ካልታደለ መኪኖቹ በዋጃ በኩል ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳሉ፣ እዚያ ዝርዝሩ ዝግጁ ነው ተብሏል። በሳቸውም አልፈረድኩም። ጋሽ ፈለቀም በትእዛዝ ክላሰሩን ይዘው መጥተው ነበር፤ የተበላሸው ንብረት በምን ምክንያት እንደተበላሸ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ ተብሏል፣ እኔ ክፍል። ዲስኬቶቹ ከክላሰሩ ወጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠዋል። ጥፋተኛ ተብለው ቆመው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አያ ሰይድ ገባ። ጫማ አላወለቀም፣ እኔም የማስወልቅበት አፍ አልነበረኝም። ዘሬን የቀማኝን ነገር ልየው አለ። አንዱን ዲስኬት አነሣ።

"ይኼ ነው ስሜን የዋጠው?"

"ስምህን የዋጠው ማሽኑ ነው። ይህ ቁልፉ ነበር።"

አገላበጠው። አውራ ጣቱን መሃሉ ላይ ባለው ትልቅ ቀዳዳ ሰደደ፤ ልጮህ ነበር፣ ከሞተ በኋላ ምን ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ውስጡ ያለው ነገር ዞረ። ቆም አለ። ደግሞ አዞረው።

"ውስጡ ክብ ነው እንዴ?"

ክብ ነው አልኩት።

"ቤቱ ግን ባለ አራት ማዕዘን ነው።" ወደ መስኮቱ ሄዶ የጋሽ ፈለቀን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አቀና፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ክቡን በጣቱ ቀስ እያለ ዙሩን አስጨረሰው። "ና እስኪ። በሬ አውድማ ላይ ሲዞር ጥጉን ይረግጠዋል?"

አልገባኝም። ጋሽ ፈለቀ በኋላዬ ቆመው ያያሉ፤ እሳቸውም አልገባቸውም።

"አይረግጠውም" አለ ራሱ። "ጥጉ ላይ የወደቀ ዛላ ሳይወቃ ይቀራል፣ ሴቶች ናቸው ኋላ የሚለቅሙት። ይቺ ቀዳዳ ጥጉ አጠገብ ናት። ክቡ ተበስቶ ቢሆን ሳዞረው ብርሃኑ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። አየህ፣ አይጠፋም። ክቡ እዚህ ድረስ አይመጣም።"

ዲስኬቱን ከእጁ ነጥቄ እኔም አዞርኩ። ብርሃኑ አልጠፋም። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስቱንም ዲስኬት። ብረቱ በክቡና በጥጉ መካከል፣ ከፀጉር በሚቀጥን ልዩነት፣ ባዶውን ቤት ብቻ ነው የበሳው። ሰኞ ዕለት አንዴ ማሽኑ ውስጥ ከትቼ ብሞክረው ያልቅ ነበር። አልሞከርኩም፣ ምክንያቱም እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተማረ ሰው ሳይሞክር ያውቃል።

ወደ ማሽኑ ስዞር ጋሽ ፈለቀ መንገድ ዘጉብኝ።

"ያለ ወጪ ማዘዣ አይነካም።"

አቶ መኮንን ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀደምኳቸው። ጋሽ ፈለቀ፣ ሰኞ የተናገርኩት የሰው ንግግር አይደለም፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ፣ አያ ሰይድ ፊት፣ አለቃዬ ፊት፣ በአንድ ጫማ ቆሜ። ሰውየው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የተጣጠፈ ቅጽ አወጡ፤ ተሞልቶ የተዘጋጀ ነበር፣ ቀኑም የሰኞ። ለካ እኔ ሰድቤያቸው ስወጣ ማዘዣውን ጽፈው ይጠብቁኝ ኖሯል፤ የሚፈርም አላገኙም።

"አዲሶቹን መልስና ፈርም" አሉኝ።

መለስኩ። እዚያው ፊቴ፣ መብሻውን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ አዲሶቹን ሁሉ አንድ በአንድ በሱ። ቸክ፣ ቸክ።

አዲሱን ፕሮግራም ከማሽኑ ሆድ ጠረግሁ። የመጀመሪያውን ዲስኬት ከተትኩ። ከረ ከረ ከረ አለና ተቀበለው። ሁለተኛውን ተቀበለው። ሦስተኛው ላይ ቆመ፤ መብራቱ በርቶ ቀረ፣ ድምፅ የለም። አያ ሰይድ በሹክሹክታ "ያ ረቢ" ሲል ሰማሁት። አውጥቼ መለስኩት፤ የሕልም ያህል ቆይቶ ከረ አለ። መዝገቡን ክፈት አልኩት።

ጢጥ አላለም። ስሞቹ ከላይ እስከ ታች ተንቆረቆሩ።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ ነው የቆየው። ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ለማውጣት አንድ ሰው ለማሳደግ የሚፈጀውን ጊዜ ይፈጃል፣ ሰዓቱም ከሰባት አልፏል። የመጀመሪያው ማኅበር ዝርዝር ወጥቶ እደላው ተጀመረ፣ ሁለተኛው ቀጠለ። የአያ ሰይድ ማኅበር በቁጥር የመጨረሻው ነው። የሱን ላስቀድም ብዬ ጠየቅሁት፤ ማን ያውቅብናል አልኩት።

"ውጭ የቆመውን ሽመል ቆጥረኸዋል?" አለኝ። "ተራው ይሂድ። እኔ መትረፍ እፈልጋለሁ።"

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አራት ማኅበር ይቀራል። የመኪኖቹ ሹፌሮች ሞተር አስነሡ። አቶ መኮንን ግራ ገብቷቸው ጣታቸውን ሲያንቋቁ ጋሽ ፈለቀ ከጥላው ሥር ተነሥተው ሄዱና መኪኖቹ ፊት ቆሙ። የገባው ሳይቆጠር የቀረው አይወጣም አሉ። ሹፌሮቹ ለመኑ፣ ተሳደቡ፣ ጡሩምባ ነፉ። ጋሽ ፈለቀ መኪናው ላይ ወጥተው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በእርሳስ እየነኩ ይቆጥሩ ጀመር። ሠላሳ ሲደርሱ አንዱ ሹፌር አናገራቸው፤ አሳሳትከኝ ብለው ከአንድ ጀመሩ። ስልሳ ሲደርሱ እርሳሳቸው ወደቀ፣ ወርደው አነሡት፣ ከአንድ ጀመሩ። በዚህ ምድር ላይ እንደዚያ ቀርፋፋ፣ እንደዚያም የሚያምር ቆጠራ አላየሁም። ሦስተኛውን ጊዜ ሲቆጥሩ ከፕሪንተሩ የመጨረሻው ገጽ ወጣ፤ አያ ሰይድ ከታች ሁለተኛው ላይ ነበር። ጣቱን ቀለም ነክሮ ስሙ ላይ ሲያሳርፍ ፀሐይዋ ከምዕራቡ ተራራ ጋር ልትነካካ ነበር።

ዘሩን አህያ ላይ ጭኖ ሐሙስ ጠዋት ዘራ። አራተኛው ቀን መሆኑ ነው።

እናንተ አሁን ይህን የምታነቡ፣ ነገሩ እዚህ ላይ በእልልታ እንዲያልቅ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። እኔም ለሰው ሳወራው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የማቆመው፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም ስለምስቅ ያምራል። ግን በኅዳር ለቆጠራ ወደዚያው ወርጄ ነበር። የአያ ሰይድ ማሳ ታችኛው ወገን፣ ጎርፉ የተኛበት፣ ማሽላው ከራሴ በላይ ቆሟል። ላይኛው ወገን ግን ባዶ ነው። ዘሩ ሲደርስ እርጥበቱ ከዚያ ሄዷል፤ ጥቂት ቢጫ ቡቃያ ወጥቶ እዚያው ደርቋል። ሁለት ቀን ነው ያ። አንዱ ሰኞ፣ እኔ ስሳደብ የዋልኩበት፤ አንዱ ማክሰኞ፣ ለስድቤ መልስ ልቀበል ወልድያ የሄድኩበት።

አያ ሰይድ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከጎኔ ቆመ፣ እንደ አስጎብኚ።

"ታችኛው ስም የለውም" አለኝ። "ይቺን ላይኛዋን ግን ልጆቹ ኮምፒዩተር ብለዋታል።"

ሳቀ። እኔም እንድስቅ ጠበቀኝ፣ ሳቅሁለት። የመመለሻውን መንገድ ግን ሳልስቅ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጥክ ካላችሁኝ፣ ቀልዴን አልተውኩም፣ ውሸቴንም እንደምታዩት አልቀነስኩም። ግን አዲስ ነገር እጄ ሲገባ አሮጌውን የምጥለው አዲሱ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከዋለልኝ በኋላ ነው። ሚስቴ በዚህ ጠባዬ ቤታችን መጋዘን ሆኗል ትላለች። ተበላሽቷል የተባለ ነገር ካለም ሳልነካው አላምንም፤ የነገረኝ ሰው የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ በተለይ የተማረው ሰው እኔ ከሆንኩ። ሰው ደግሞ በወረቀቱና በመብሻው አይመዘንም። ጋሽ ፈለቀን ጡረታ ሲወጡ መብሻቸውን በስጦታ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ የድርጅቱ ንብረት ነው ብለው ከለከሉኝ።

ድርጅቱ ከዓመታት በኋላ ተዘጋ፤ ማሽኑም የት እንደገባ አላውቅም። እኔም ከቆቦ ወጣሁ። ባለፈው ጊዜ በአውቶቡስ ሳልፍ ምሳ ለመብላት ወረድኩና፣ ከዞብል በኩል የመጣ የሚመስል አንድ ጎልማሳ ባጠገቤ ስለተቀመጠ፣ አያ ሰይድ የሚባል ሰው ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"ሰይድ ብዙ ነው" አለኝ። "የትኛው? ኮምፒዩተር ያለው?"

አዎ፣ እሱ አልኩት።

"ደህና ነው። ሽማግሌ ሆኗል እንጂ ደህና ነው። ዘንድሮ ኮምፒዩተሩን ጤፍ ዘርቶበታል፤ በጊዜ ነው የዘራው።"